ስለ ዘገዩ እናቶች

«ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለ አለቃዋ፣ ወንበሩን ወደ ፕላን እያስጠጋ። «ሰው እናቱን በሰላም ማልቀስ አለበት። ግን ምክር ቤቱ ሰነዱን በሚቀጥለው ሳምንት ይፈልገዋል።»

አለቃ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ለቅሶ ቤት ይገባል፣ ተክዞ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ሻይ ይቀበላል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሥራ ይጀምራል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለቀብሩ መኪና የላከው፣ የቢሮውን አግዳሚ ወንበሮች አስጭኖ ሳሎኑንና ግቢውን የሞላው እሱ ነው። ፕላን ይህን ውለታውን እስክትሞት አትረሳለትም።

ፕላን የቤት ስሟ ነው። ገና በልጅነቷ አሻንጉሊቶቿን በቁመት ደርድራ «አንቺ ዛሬ ትታጠቢያለሽ፣ አንቺ ነገ» ስትል እናቷ ሰማቻትና «ይቺ ልጅ ፕላን ናት» አለች፤ በዚያው ቀረ። አድጋም የጤና ቢሮው የክትባት እቅድ አውጪ ሆነች። በየወረዳው ያልተከተቡ ሕፃናት የት እንዳሉ የምታጠናው፣ እንዴት እንደሚመጡ መላ የምትዘይደው እሷ ናት። አሁን የሚጠየቀው ሰነድም የሷው ነው፤ የክልሉን የክትባት ሽፋን ከፍ ያደርገዋል የተባለለት ትልቅ እቅድ።

«የሙከራው ውጤት ደግሞ አሪፍ ነው» አለ አለቃው። «እናንተ ሰፈር ጤና ጣቢያ የጀመርነው ማለቴ ነው። ከሰዓት የሚመጡት የዘገዩ እናቶች ተመናምነዋል። በየሳምንቱ እየቀነሱ ነው።»

«ጥሩ ነው» አለች ፕላን፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆኖ።

አለቃው ግራ ቀኙን አየና ይበልጥ ጠጋ አላት። «አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሰዉ እንዳይሰማ ብዬ ነው። ከወንዙ ማዶ ኩፍኝ ተነስቷል። እስካሁን የታመሙት ጥቂት ልጆች ናቸው። ግን ኩፍኝን መቼም ለአንቺ አልነግርሽም።»

ፕላን ጭኗ ላይ የተቀመጠችውን ልጇን ሳታስበው ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። ሚጣ ይህን ሁሉ ከምንም አልቆጠረችውም፤ ከአለቃው የደረት ኪስ ብቅ ያለውን እስክሪብቶ ለመንጠቅ እጇን ትዘረጋለች። ሰውየው ሳቅ ብሎ እስክሪብቶውን ሰጣትና ተነሳ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የክትባት እቅድ አውጪዋ ልጅ፣ የነርሷ የልጅ ልጅ፣ ሚጣ የኩፍኝ ክትባት አልወሰደችም። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ቤቱ ደግሞ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ጢም ብሏል፣ በየእናቱ እቅፍ ሕፃን አለ፣ ግቢው ውስጥ ልጆች ይራወጣሉ። ከነዚህ መሃል የትኛው ከወንዙ ማዶ እንደመጣ ማን ያውቃል? ፕላን ሚጣን ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና መጋረጃውን መለሰች። ሰው ልቅሶዋ መጣባት ብሎ ዝም አላት።

ሳሎን ውስጥ ወሬው ስለ ሟቿ ነው። የፕላን እናት ዕድሜዋን ሙሉ ልጆች ስትከትብ የኖረች ነርስ ነበረች፤ ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላታል።

«እኔ አልጋ ሥር ተደብቄ እግሬን ይዛ ጎትታ ነው ያወጣችኝ» አለ በሩ አጠገብ የተቀመጠው የባንክ ጥበቃ፣ ራሱ በሩን የሚያክል ሰውዬ። «ወግታኝ ስትጨርስ ደግሞ ‹አሁን ተመልሰህ ግባ› አለችኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው የሚል ካለ እትዬ መርፌን አያውቃትም። እርግጥ መልአክ አልነበረችም፤ ካርታ ስትጫወት ታጭበረብራለች፣ ከልብስ ሰፊው ጋር በአንዲት እጅጌ ምክንያት ተኳርፋ ክረምቱን ሙሉ በሱቁ በር አላለፈችም። ቤቷ አርፍዶ የመጣ እንግዳማ ወዮለት። «ምነው፣ እንቁላል ታቅፈህ ነበር?» ብላ ነው የምትቀበለው። እንዲህ ያለችው ሴት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ የክትባት ክፍሉ ውስጥ ስትቆም ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ወር ዘግይታ የመጣችውን እናት ቀኑን ጠብቃ ከመጣችው እኩል ታስተናግዳለች፤ የት ነበርሽ የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም። ይሄ ነገር ፕላንን ያበሳጫት ነበር።

እቅዱን ስታረቅቅ አንድ ቀን ተጨቃጭቀውበታል። እማዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እግሯን ሞቅ ባለ ውሃ ነክራ ነበር።

«እማዬ፣ ያበላሸሻቸው አንቺ ነሽ» አለች ፕላን። «የዘገየችውንም ያልዘገየችውንም እኩል ትቀበያለሽ። ታዲያ ምን ብለው በሰዓቱ ይምጡ?»

«የምወጋው ልጁን ነው እንጂ እናቲቱን አይደለም።»

«ቢያንስ ለምን ዘገየሽ ብለሽ አትጠይቂያትም?»

እናቷ እግሯን ከውሃው አወጣች። «ጠይቄ አይቻለሁ» አለች። ከዚያ «ያን ፎጣ አቀብይኝ፣ ውሃው ቀዘቀዘ» አለች፤ ፕላንም ፎጣውን አቀበለቻት እንጂ ምን ማለትሽ ነው አላለቻትም። የሚጠብቃት ሥራ ነበር።

በእቅዱ ውስጥ «ስለ ዘገዩ እናቶች» የሚለው ክፍል የተጻፈው በዚያው ሰሞን ነው። ቀኗን ያሳለፈች እናት ከሌሎቹ ጋር አትቀላቀልም። ከሰዓት በኋላ ለብቻዋ ትመጣለች፣ መጀመሪያ ለምን እንደዘገየች ትጠየቃለች፣ ምክር ትሰማለች፣ ልጇ የሚከተበው ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓት ያለው፣ ያማረ አሠራር። ቢሮው በሙሉ አጨበጨበ፤ እትዬ መርፌም በራፏ ላይ በሚገኘው ጤና ጣቢያ ሙከራው ሲጀመር ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ ታመመች። ፕላን ከቢሮ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት እየተመላለሰች እግሯ እስኪነቃ ደከመች። የሚጣ የኩፍኝ ክትባት ቀን በዚያ መሃል መጥቶ አለፈ። ባሏ ‹መቼም አያቷ ሳታስብበት አትቀርም› አለ፤ እነሱ ቤት ክትባት የአያት ጉዳይ ነበራ። ፕላን ደግሞ ባሏ የወሰዳት መስሏት ነበር። ሁለቱም አለመውሰዳቸው ሲታወቅ ጊዜው አልፏል።

‹ነገ እወስዳታለሁ› አለች። ነገ ሲመጣ ግን የሚታያት ያ የከሰዓት ሰልፍ ነው፤ ራሷ ባወጣችው ደንብ መሠረት፣ የእትዬ መርፌ ልጅ፣ ባለሙያዋ፣ ሕፃን ታቅፋ ለምን እንደዘገየች ስትጠየቅ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። በነጋ ቁጥር ነገ፣ በነጋ ቁጥር ነገ እያለች አራዘመችው። ሌላ ምክንያት አልነበራትም፣ አፍራ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ እማዬ ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና «ሚጣን አስከተብሻት?» አለቻት።

«አዎ» አለች ፕላን።

«የት ላይ ወጓት?»

«ክንዷ ላይ። ግራ ክንዷ ላይ።»

«አለቀሰች?»

«ትንሽ።»

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። «ጎበዝ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅ ክትባት አላወሩም፤ ብዙም ሳትቆይ ስለ ምንም ማውራት የማይቻልበት ጊዜ መጣ። እነሆ ሰው እየገባ «እናትሽ ቀባሪ አላጣች፣ አንቺም ያላደረግሽላት የለም» ባላት ቁጥር ፕላን የምትሰማው ያቺን «ጎበዝ» ነው።

ሚጣ ጓዳ ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት ፕላን ወደ ሳሎን ተመለሰች። ይሄኔ ነው አንዲት ሴት በሩ ላይ መጥታ የቆመችው። አልገባችም። የነጠላ ጫማዋን አፍንጫ እያየች ቆማለች።

«ይቅር በሉኝ» አለች። «አልሰማሁም ነበር፤ ቀብሩም አመለጠኝ። ከሰማሁ በኋላ ደግሞ በምን ፊቴ ልግባ ብዬ ሁለቴ ከመንገድ ተመለስኩ። ልጆቼን በሙሉ የከተበችልኝ እሷ ናት።»

የፕላን አጎት፣ የሟቿ ታናሽ ወንድም፣ እስክትጨርስ አልጠበቃትም። ተነስቶ በሁለት እጁ ያዛት። «ግቢ እንጂ፣ ግቢ። እንኳን መጣሽልን» አለ። የተቀመጠው ሰው ጠጋ ጠጋ አለና ቦታ ተገኘ። ሻይ መጣላት። ከጎኗ ያሉት ሴትዮ ጀርባዋን እያሻሹ ስለ ልጆቿ ጠየቋት፤ ስንተኛ ክፍል ደረሱ፣ ትልቁ ረዘመ ወይ እያሉ። የት ነበርሽ ያላት ሰው አልነበረም። ሴትየዋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፣ ለቀቃት፣ ሻይዋን ጠጣች።

ፕላን ከእሷ ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። ሁለቴ ከመንገድ ተመለስኩ። አለቃው ደግሞ ምን ነበር ያለው? የዘገዩት ተመናምነዋል። ቢሮ ውስጥ ያንን ሲሰሙ ደስ ብሏቸዋል፤ ኬክ ሊቆርሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። የዘገዩት ግን አልቀነሱም። ከመንገድ ተመልሰው ነው። ልጆቻቸውን ታቅፈው በየቤታቸው ተቀምጠዋል፣ ነገ እያሉ። ይህን ያወቀችው ከጥናት አይደለም፤ ከነሱ አንዷ ራሷ ናት። እቅድ አውጪዋ እቅዷ ያስቀራትን እናት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ብድግ ብላ ወደ ግቢ ወጣች።

ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው ሥር፣ ሲስተር ብርጭቆ ታጥባለች። ሲስተር ማለት የጤና ጣቢያው የክትባት ኃላፊ ናት፤ እትዬ መርፌ አስተምራ፣ አሠልጥና፣ ቦታዋን ያስረከበቻት። ምላሷ እንደ መላጫ ነው ይሏታል። ለቅሶው ከተጀመረ ጀምሮ ከሥራ እየወጣች በየቀኑ ትመጣለች፣ እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ ቧንቧው ሥር ትቀመጣለች። ተይ ቢሏትም አትሰማም።

ፕላን አጠገቧ ቁጢጥ አለችና የታጠበውን መወልወል ጀመረች።

«ሲስተር።»

«እ?»

«ሚጣ ኩፍኝ አልተከተበችም።»

ሲስተር ማጠቧን አላቆመችም። የያዘችውን ብርጭቆ አለቀለቀች፣ ውሃውን ደፋች፣ ትሪው ላይ ደፍታ አስቀመጠች።

«ተመስገን» አለች። «ዛሬም ካልነገርሽኝ ነገ መርፌዬን ይዤ መጥቼ በለቀስተኛ መሃል ልወጋት ቆርጬ ነበር። ኩፍኝ ማዶ መጥቶ እስከ መቼ ነው አፌን ይዤ የምቀመጠው?»

«ታውቂ ነበር?»

«እናትሽ ከሆስፒታል ደውላ ‹ሚጣን አምጥተዋት ነበር?› አለችኝ። አልመጡም አልኳት። ‹አሃ፣ ዋሽታኛለች ማለት ነው› አለችና ሳቀች። አሟት እንኳ ስትስቅ ታውቂያት የለ? ልጥራትና ልንገራት ስላት ‹ተይ፣ ራሷ ትምጣ። አፍራ ነው። ስትመጣ ግን አደራሽን የት ነበርሽ እንዳትያት› አለችኝ።»

ፕላን የያዘችው ብርጭቆ እጇ ላይ ቀረ። «ጎበዝ አለችኝ እኮ» አለች። «ስዋሻት ጎበዝ አለችኝ።»

«ታዲያ ምን ትበልሽ? ለውሸትሽ መሰለሽ? ቀን ቢሮ፣ ማታ እሷ ጋ ወንበር ላይ ተኮራምተሽ ስታድሪ ታይሽ አልነበር? ለሱ ነው ጎበዝ ያለችሽ። ‹ይቺ ልጅ አለቀችብኝ› ስትለኝ ነው የከረመችው።»

ፕላን እዚያው ቧንቧው ሥር ሆዷ ባብቶ አለቀሰች። እንዲህ ያለ ልቅሶ በቀብሩ ቀን እንኳ አልወጣላትም ነበር። ሲስተር አላባበለቻትም፤ ቧንቧውን ዘጋች፣ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ጠበቀቻት።

«እኔስ ከድሮም እንዲህ የነበርኩ ይመስልሻል እንዴ?» አለች ልቅሶው በረድ ሲል። «ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት ዘግይታ የመጣች እናት ላይ አፌን ከፈትኩ። ልክ ልኳን ነገርኳት። እናትሽ ክንዴን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። ትገስጸኛለች ስል ስለ ራሷ ነገረችኝ። እሷም ገና ወጣት ነርስ ሳለች እንዲሁ ነበረች፤ አንዷን በሰው ፊት ‹እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?› ትላታለች። ሴትየዋ ‹መጣሁ፣ ከደጅ የረሳሁት ዕቃ አለ› ብላ ልጇን ይዛ ወጣች። በዚያው ቀረች።»

«ልጁስ?»

«ኩፍኝ ወሰደው።»

ሳሎን ውስጥ ጥበቃው ሌላ ወሬ ጀምሯል፤ ሰው ይስቃል።

«እናትሽ የልጁ ለቅሶ ሄደች» አለች ሲስተር። «ያባርሩኛል ብላ እየፈራች ነው የሄደችው። ቆይታ ነው ደግሞ የሰማችው፣ ለቅሶው ሊያበቃ ሲል። በር ላይ ስትቆም የሟቹ እናት አየቻት። ብድግ አለችና የራሷን ወንበር ለቀቀችላት። ‹እንኳን መጣሽ› አለቻት። እንግዲህ እናትሽ ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።»

«ለእኔ ለምን አልነገረችኝም? ያን ክፍል ስጽፍ እያየችኝ?»

«እሱን እኔም ጠይቄያታለሁ፤ እንዲያውም ተቆጥቻት ነበር። ‹ልጄ ብልህ ናት፣ ትደርስበታለች› አለችኝ። ትዕቢቷን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ‹ማንን መስላ› ብላ ጨመረችበት።»

ፕላን በእንባዋ መሃል ሳቀች። እማዬ ዕድሜ ልኳን ዝም ብላ የተሸከመችው ነገር ይህ ነበር፤ ስንቷ እናት በዚያ ሳቢያ ቀና ብላ ገብታ ቀና ብላ ወጥታለች። አሁን ደግሞ የመጨረሻዋን «እንኳን መጣሽ» ለገዛ ልጇ አዘጋጅታላት ሄዳለች። ፕላን እናቷን ከልቧ አመሰግናት አታውቅም ነበር፤ ቤት ውስጥ ማን ማንን ያመሰግናል። ቧንቧው ሥር እንደተቀመጠች «አመሰግናለሁ፣ እማዬ» አለች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሲስተር ትስማ አትስማ ሳትጨነቅ። ከዚያ ሲስተርን አቀፈቻት፣ እርጥብ ቀሚሷን ጭምር።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ለአለቃዋ ደወለች።

«ስለ ዘገዩ እናቶች የሚለውን ክፍል ያውጡልኝ።»

«ምን? ተባዝቷል እኮ። ተጠርዟል። ደግሞ የሠራልን እሱ አይደለም እንዴ? ቀንሰዋል አላልኩሽም?»

«አልቀነሱም፣ እኛን ፈርተው ቀርተው ነው። እኔ ራሴ ቀርቼ ነበር። ልጄ አልተከተበችም፤ ምክር ቤቱ ፊትም ከጠየቁኝ ይህንኑ እናገራለሁ።»

አለቃ ነውና ስለ ጥራዙ አንድ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ፤ ክፉ ሰው አይደለም ብለናልና በመጨረሻ «በይ ልጅቷን አስከትቢ» አለ። «ጥራዙን እኔ አስፈታዋለሁ።»

ሚጣን አቅፋ ጤና ጣቢያው ስትደርስ የጠዋቱ ሰው አግዳሚው ላይ ተደርድሯል። ፕላን ከመጨረሻዋ ሴት ቀጥላ ተቀመጠች። ከቀብሩ የሚያውቋት ነበሩ፤ ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። ተራዋ ሲደርስ ሲስተር ካርዱን አየችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ዓይኗ ግን ይስቃል።

«የዘገየ ከሰዓት ይምጣ ይላል ደንቡ።»

«ደንቡ ተሰርዟል» አለች ፕላን። «ያወጣችው ሴትዮ ራሷ ናት የሰረዘችው።»

«እንኳን ሰረዘችው፤ የከሰዓት እንቅልፌን ነፍጋኝ ነበር።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ሲስተር የሚጣን ክንድ በጥጥ ጠረገች። ሚጣ መርፌው ሲነካት አንዴ ትንፋሿን ያዘችና ጤና ጣቢያውን የሚያናውጥ ለቅሶ ለቀቀች። ፕላን ደረቷ ላይ ለጥፋ እያወዛወዘቻት ‹ትንሽ› ብዬ ዋሽቼሽ ነበር እማዬ፣ ትንሽ አይደለም ያለቀሰችው፣ እያለች በልቧ ነገረቻት። ደረቷ ላይ ለወራት ተጭኖባት የነበረው ነገር ለቀቃት፤ እግዚአብሔርን፣ ሲስተርን፣ አለቃዋን፣ ትናንት በሩ ላይ የቆመችውን ሴት ሳይቀር አመሰገነች።

ልትወጣ ስትል ከግቢው በር ውጭ አንዲት ሴት አየች። ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች፣ በትከሻዋ ከባድ ከረጢት ይዛለች። ወደ ውስጥ አየት ታደርጋለች፣ ተራ የያዙትን ታያለች፣ አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትቆማለች። ልጁ ትልቅ ነው፤ ለክትባት ከሚመጡት ትልቅ ነው። ሲስተር በመስኮት አይታታለች፣ እጇ ግን ሌላ ሕፃን ይዟል።

እንዲህ ሲሆን ተነስታ ወደ በሩ የምትሄደው እማዬ ነበረች። ፕላን ሚጣን በአንድ እጇ ወገቧ ላይ አደላደለች፣ ግቢውን ተሻግራ ሴትየዋ ዘንድ ደረሰች፣ ምንም ሳትጠይቃት ከረጢቱን ከትከሻዋ ተቀብላ በራሷ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችው።